የጉልበት ብሎን በምን ይመዘን?



ውድ እህት ወንድሞች፣ በዚህ ዕትም የምናነሣው ጉዳይ የሕክምና ተማሪዎች ብቻ ወሬ ሊመስል ይችላል። አይደለም። በየሴሚስተሩ ከኳስ ሜዳ በሁለት ሰው ትከሻ ተደግፎ የሚወጣ ተማሪ አይጠፋም። መጀመሪያ "ጉልበቴ ዞረ" ይላል፤ በረዶ ይያዝለታል፤ ሲያብጥ ወጌሻ ጋር ይወሰዳል። ከወር በኋላ እብጠቱ ጠፍቶ ዳነ ሲባል ደረጃ ላይ ጉልበቱ ይከዳዋል። ኤምአርአይ ሲነሣ የፊተኛው መስቀለኛ ጅማት ተበጥሶ ይገኛል። ከዚያ ቀዶ ጥገና ይታዘዛል፤ ከቀዶ ጥገናው ጋር ደግሞ የዕቃ ዝርዝር ይመጣል። የታይታኒየም ብሎን ይህን ያህል፣ የሚሟሟው ብሎን ይህን ያህል፣ "በተን" የሚባለው ይህን ያህል። ቤተሰብ ከብት ሸጦም ተበድሮም የሚያሟላው ይህንኑ ነው። ዋጋው ስለሚለያይ "የቱ ይሻላል?" የሚለው ጥያቄ ዞሮ ዞሮ ወደ ጤናና ወደ ኢንጂነሪንግ ተማሪዎች ይመጣል። ከብዙ አፍ የሚሰማው መልስ "ጠንካራውን ግዛ" የሚል ነው። ይህ መልስ አያጠግበንም፤ ለምን እንደማያጠግበን እንነጋገር።

በቅድሚያ ዕቃው ምን እንደሚሠራ እንወቅ። ጉልበት ውስጥ የጭንን አጥንት ከቅልጥም አጥንት የሚያያይዙ ሁለት ጅማቶች አሉ፤ እርስ በርስ ተሻግረው ስለሚያልፉ መስቀለኛ ተባሉ። የፊተኛው ቅልጥሙ ወደ ፊት እንዳይንሸራተት፣ ሰው ሮጦ ድንገት ሲዞርም ጉልበቱ እንዳይከዳው ይይዛል። አንዴ ከተበጠሰ በራሱ በቂ ሆኖ የመጋጠም ዕድሉ አነስተኛ ነው። ስለዚህ ሐኪሙ ከታካሚው ከራሱ ሌላ ጅማት ይወስዳል፤ ወይ ከጉልበት ሎሚ በታች ካለው ጅማት መካከለኛውን ሲሶ ከነጫፍ አጥንቶቹ፣ ወይ ከጭን ጀርባ ቀጫጭኖቹን ጅማቶች አውጥቶ አራት እጥፍ አድርጎ። በጭንና በቅልጥም አጥንት ውስጥ ቀዳዳ ይበሳና ተተኪው ጅማት በቀዳዳው አልፎ በሁለቱም ጫፍ ይታሰራል።

ማሰሪያው ብዙ ዓይነት ነው። አንደኛው በቀዳዳው ውስጥ ከጅማቱ ጎን እየተጠመዘዘ የሚገባ ብሎን ነው፤ እንደ ሽብልቅ ሆኖ ጅማቱን ከአጥንቱ ግድግዳ ጋር ያጣብቀዋል። ሌላው ኢንዶበተን የሚባለው ነው፤ እንደ ሸሚዝ ቁልፍ ያለች ሞላላ ብረት ከአጥንቱ ውጭ ትጋደምና ጅማቱን በጠንካራ ክር አንጠልጥላ ትይዘዋለች። አጥንቱን አቋርጦ ገብቶ የጅማቱን እጥፋት የሚሸከም አግዳሚ ፒንም አለ። በቅልጥም በኩል ደግሞ ብሎን ከዋሸር ጋር፣ ወይም እንደ ወረቀት ስቴፕል ያለ ብረት ይመታል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ። ይህ ሁሉ ዕቃ የተቀጠረው ለጥቂት ወራት ነው። ተተኪው ጅማት ጫፉ ላይ አጥንት ካለው አጥንት ከአጥንት ጋር በ6 ሳምንት ገደማ ይያያዛል። ባዶ ጅማት ከሆነ ከቀዳዳው ግድግዳ ጋር ለመጣበቅ ከ8 እስከ 12 ሳምንት ይፈልጋል። ከዚያ ወዲያ የሚይዘው አካሉ ራሱ ነው፤ ብሎኑ ሥራውን ጨርሷል። ስለዚህ የማሰሪያው ፈተና እነዚያ የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ናቸው፤ ያኔ ከሸሸ ጅማቱ ላልቶ ይቀራል፣ ላልቶ የተጣበቀ ጅማት ደግሞ ጉልበቱን አይጠብቅም።

ከጀመዓችን በተደጋጋሚ የሚመጣ ጥያቄ አለና ወደ ዋናው ነጥብ ሳንገባ እንመልሰው፦ "የሚሟሟው ብሎን ከምን ተሠራ? አሳማ የለበትም ወይ?" እነዚህ ብሎኖች በአብዛኛው ፖሊላክቲክ አሲድ ከሚባል ፕላስቲክ መሰል ነገር የተሠሩ ናቸው፤ ላክቲክ አሲዱ የሚገኘው የበቆሎን ወይም የሌላ ተክልን ስኳር በማብላላት ነው። አንዳንዶቹ ላይ ካልሲየም ፎስፌት ይጨመራል፤ እሱም በአብዛኛው በፋብሪካ የሚዘጋጅ ነው። የታይታኒየሙ ጉዳይ ግልጽ ነው። ማሸጊያው ላይ የተጻፈውን ማንበብና ሐኪሙን መጠየቅ መብታችን ነው፤ ሊያሳፍረን አይገባም። ግን ከዚህ ጥያቄ በኋላ ልባችን አርፎ ዝም የምንል ከሆነ ትልቁን ነገር ሳንጠይቅ ቀርተናል።

"ጠንካራ" የሚለው ቃል ከየት ይመጣል? ከላቦራቶሪ። ብሎኑ በሬሳ ወይም በእንስሳ አጥንት ውስጥ ይታሰራል፤ ማሽን ጅማቱን ይጎትታል፤ በስንት ኒውተን እንደተነቀለ ይመዘገባል። ያ ቁጥር በሻጩ ወረቀት ላይ በትልቁ ይታተማል። ቁጥሩን ለማንበብ መነሻ ይኑረን። እ.ኤ.አ. በ1991 ዉ እና ባልደረቦቹ ከ22 እስከ 35 ዓመት ባለው ሰው ጉልበት ላይ ጅማቱን እስኪበጠስ ጎትተው በአማካይ 2160 ኒውተን አግኝተዋል። በእኛ ሚዛን ሁለት ኩንታል ከሃያ ኪሎ ማንጠልጠል ማለት ነው። በዕለት ተዕለት እንቅስቃሴ ጅማቱ ላይ የሚያርፈው ግን ከዚህ በጣም ያነሰ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1984 ኖይስ እና ባልደረቦቹ 454 ኒውተን ገደማ ብለው ገምተውታል፤ ግማሽ ኩንታል አይሞላም። ብዙ ሰው ማሰሪያን የሚለካው ከዚህች ቁጥር ጋር ነው።

አሁን እ.ኤ.አ. በ2003 በፊንላንዳውያን ተመራማሪዎች የታተመውን ጥናት እንይ፤ ኩሳ እና ባልደረቦቹ ስድስት የጭን አጥንት ማሰሪያዎችን አወዳድረዋል። በአንድ ጊዜ ጎትቶ በመንቀል ሙከራ ቦን ማልች ስክሩ የሚባለው 1112 ኒውተን፣ ኢንዶበተን 1086፣ ሪጂድፊክስ 868፣ ስማርት ስክሩ 794፣ ባዮስክሩ 589፣ አርሲአይ የሚባለው የብረት ብሎን 546 ቻሉ። እዚህ ላይ መጽሐፉን የዘጋ ሰው "ኢንዶበተን ከብረት ብሎኑ እጥፍ ይበልጣል" ብሎ ይሄዳል፤ ሻጭም የሚነግረን እስከዚህ ነው።

ጥናቱ ግን ሁለተኛ ሙከራ ነበረው። ማሰሪያዎቹ በ50 እና በ200 ኒውተን መካከል 1500 ጊዜ እየተሳቡ ተለቀቁ፤ ከዚያ ጅማቱ ስንት ሚሊሜትር እንደሸሸ ተለካ። ቦን ማልች ስክሩ 2.2 ሚሊሜትር ብቻ ሸሽቶ እዚህም አንደኛ ሆነ። ኢንዶበተን 3.9 ሸሸ። ያ እጥፍ ተበለጠ የተባለው የብረት ብሎን 3.7። ልብ በሉ፤ በመንቀል ሙከራ ሁለተኛ የወጣውና መጨረሻ የወጣው በመሸሽ ሙከራ ሊለዩ አልቻሉም። ክሊኒክ ውስጥ የተሠራው ጉልበት ከጤነኛው ጉልበት በ3 ሚሊሜትር በላይ ከላላ ሐኪሞች መጠርጠር ይጀምራሉ። ስለዚህ ለታካሚው "በስንት ኒውተን ይነቀላል?" ከሚለው ይልቅ "ሳይነቀል ስንት ይሸሻል?" የሚለው ይቀርበዋል። ከዶርም ክፍል፣ ከክፍል ካፌ፣ ከካፌ ላይብረሪ የሚመላለስ ተማሪ በአንድ እግሩ 1500 ጊዜ ለመርገጥ አንድ ቀን እንኳ አይፈጅበትም፤ ጅማቱ እስኪጣበቅ ያለው ጊዜ ደግሞ 84 ቀን ነው። ላቦራቶሪው የሚያሳየን የመጀመሪያዋን ቀን ነው፤ ያውም አካል መዳን ሳይጀምር።

ሌላም ችግር አለ፤ አጥንቱ የማን ነው? ለዚህ ዓይነት ሙከራ በብዛት የሚያገለግለው የአሳማ ጉልበት ነው። ርካሽ ነው፣ በቀላሉ ይገኛል፣ አንዱ ከሌላው ብዙ አይለይም። የወጣት ሰው አጥንት ለሙከራ ማግኘት ብርቅ ነው፤ የሚገኘው የአረጋውያን ሬሳ ሲሆን አጥንቱ የሳሳ ነው። በዚያው በ1991ዱ ጥናት ከ60 ዓመት በላይ የሆናቸው ሰዎች ጅማት በ658 ኒውተን ተበጥሷል፤ ከወጣቱ ሲሶ እንኳ አይሞላም። የአሳማ አጥንት የተመረጠው ይህን ክፍተት ይሞላል ተብሎ ነው። ይሁን እንጂ እ.ኤ.አ. በ2004 እነዚያው የፊንላንድ ሰዎች የተሳተፉበት የኑርሚ ጥናት የአሳማን ቅልጥም ከሰው ቅልጥም ጋር ሲያነጻጽር፣ የአሳማው የመሸሹን መጠን አሳንሶ የመንቀያውን ኃይል አጋኖ እንደሚያሳይ አገኘ። አጥንቱ ጠንከር ያለ ስለሆነ ብሎኑን ከሚገባው በላይ ያሞግሰዋል።

የባዮሜዲካል ኢንጂነሪንግ ወንድሞችና እህቶች ይህን ነጥብ አጥብቀው እንዲይዙት እንፈልጋለን። በአሳማ አጥንት መሥራትን የማይፈልግ ተማሪ ሃይማኖቱን ብቻ አይደለም መጥቀስ የሚችለው፤ ሳይንሱም አብሮት ቆሟል። የመንካቱንና የመሥራቱን ብይን ለዑለማዎቻችን እንተወዋለን፤ እዚህ ገብተን የምንፈተፍተው አይደለም። አጥንቱ ሙከራ ላይ ቀርቶ ወደ ታካሚው አካል እንደማይገባ ግን ይታወቅ፤ "ብሎኑ በአሳማ ስለተሞከረ አይሆንም" የሚለው ወሬ ሁለቱን የሚያምታታ ነው። የጥጃና የከብት አጥንት በዚህ ዓይነት ሙከራ ያገለገለ ነው፣ ቄራ ሄዶ ማግኘትም አይቸግርም። እሱም ቢሆን የሰው አጥንት አይደለም። ማንኛውም የእንስሳ አጥንት ዕቃዎችን እርስ በርስ ለማወዳደር ያግዛል እንጂ የታካሚን ጉልበት አይተነብይም።

ታዲያ የሚተነብየው ምንድን ነው? እዚህ ላይ ወደ ስካንዲኔቪያ መሻገር ግድ ይለናል፤ ጥያቄውን ከላቦራቶሪ አውጥተው ወደ ታካሚው የወሰዱት እነሱ ናቸውና። ኖርዌይ እ.ኤ.አ. በ2004፣ ስዊድንና ዴንማርክ በ2005 የጉልበት ጅማት ቀዶ ጥገና ብሔራዊ መዝገብ ጀመሩ። ሐኪሙ ቀዶ ጥገናውን እንደጨረሰ ቅጽ ይሞላል፦ ከየት የተወሰደ ጅማት፣ በጭን በኩል የትኛው ማሰሪያ፣ በቅልጥም በኩል የትኛው። ታካሚው ከዓመታት በኋላ ለድጋሚ ቀዶ ጥገና ከተመለሰ ያም ይመዘገባል። ይኸው ነው። ምንም የረቀቀ ማሽን የለበትም።

የሦስቱ አገሮች መዝገብ አንድ ላይ ተደምሮ እ.ኤ.አ. ከ2004 እስከ 2011 ባለው ጊዜ ከጭን ጀርባ በተወሰደ ጅማት የተሠሩ 38,666 ታካሚዎች ሲታዩ፣ በጭን በኩል በብረት ብሎን ወይም ትራንስፊክስ በሚባለው አግዳሚ ፒን የታሰሩት በኢንዶበተንና በሪጂድፊክስ ከታሰሩት ያነሰ ድጋሚ ቀዶ ጥገና አጋጥሟቸዋል። በላቦራቶሪ የመንቀል ሙከራ መጨረሻ የወጣው ዓይነት ብሎን በሰው ጉልበት ላይ ከሁለተኛው ቀድሞ ተገኘ። ለምን? ከሚሰጡት ምክንያቶች አንዱ ኢንዶበተን ጅማቱን ከመገጣጠሚያው ርቆ ስለሚያስረው ነው፤ በማሰሪያውና በመገጣጠሚያው መካከል ያለው ክርና ጅማት ረጅም ነው፣ ረጅም ገመድ ደግሞ ከአጭር ገመድ ይልቅ ይለጠጣል፤ እየተለጠጠም ቀዳዳውን ያሰፋዋል። ይህን ቀድሞ የጠረጠረ መሐንዲስ ነበር፤ ጥርጣሬውን ያመዛዘነው ግን መዝገቡ ነው።

መዝገብን ደግሞ እንደ ወሕይ አንመልከተው። ታካሚዎቹ በዕጣ አልተመደቡም፤ አንድ ሐኪም ኢንዶበተንን የሚመርጠው በሆነ ምክንያት ነው፣ ያ ምክንያት ውጤቱን ሊያዛባ ይችላል። በዕቃዎቹ መካከል የታየው ልዩነትም ሰማይና ምድር አይደለም። ጉልበቱ እየከዳው ዝም ብሎ የሚኖር ሰው በድጋሚ ቀዶ ጥገና ቁጥር ውስጥ አይገባም። ከዚህ ሁሉ በላይ ደግሞ ከሐኪሙ እጅ ከሚመነጩት ምክንያቶች ተተኪ ጅማትን በብዛት የሚጥለው የብሎኑ ዓይነት አይደለም፤ ቀዳዳው ከትክክለኛው ቦታ ወጥቶ መበሳቱ ነው። ምርጥ ብሎን በተሳሳተ ቀዳዳ ውስጥ ዋጋ የለውም። ቤተሰብ ስለ ዕቃው ዓይነት ከሚጠይቀው እጥፍ ስለ ሐኪሙ ልምድ ቢጠይቅ እንመርጣለን።

የሚሟሟው ብሎን ጉዳይም ከዚሁ ጋር መታየት አለበት፤ ብዙ ቤተሰብ ተጨማሪ ገንዘብ የሚከፍለው ለእሱ ነውና። "በኋላ ይጠፋል፣ ብረት አይቀርብህም" ይባላል። ጥቅም አለው፤ ኤምአርአይ ላይ እንደ ብረት ምስል አያበላሽም፣ ድጋሚ ቀዶ ጥገና ካስፈለገ መንገድ ላይ አይቆምም የሚል ተስፋ አለ። ነገር ግን አንዳንዱ ለመሟሟት ዓመታት ይፈጅበታል፤ ሲጠፋም ቦታው ሁልጊዜ በአጥንት አይሞላም። አንዳንዴ በቅልጥም በኩል ፈሳሽ የቋጠረ እብጠት ያመጣል፤ ሲጠመዘዝም ሊሰበር ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣው የኮክራን ግምገማ ሁለቱን አወዳድሮ በጉልበቱ አገልግሎት ላይ ልዩነት አላገኘም፤ በአጠቃላይ የሕክምና መክሸፍ ግን የሚሟሟው በዝቶ ታይቷል፣ ማስረጃው ደካማ መሆኑንም አብሮ ተናግሯል። እንግዲህ ለአንድ ተማሪ አባት "የሚሟሟው ይሻላል፣ ጨምር" ማለት በዚህ ማስረጃ የሚደፈር አይደለም። በእኛ አቋም ያ ተጨማሪ ገንዘብ ለፊዚዮቴራፒ ቢቀመጥ ይሻላል። ገንዘቡን ሁሉ ዕቃው ላይ ጨርሶ በሁለተኛው ወር ፊዚዮቴራፒ ያቋረጠ ተማሪ የምናውቀው ነው፤ በስድስተኛው ወር ኳስ ሜዳ ሲመለስም አይተናል። ወደ ኳስ ለመመለስ ቢያንስ 9 ወር መጠበቅ እንዳለበት የነገረው ሰው አልነበረም፣ ወይም ተነግሮት አልሰማም።

እስካሁን ያነሣነው ለማንኛውም ታካሚ የሚሆን ነው። አሁን ግን ከእኛ በቀር ማንም የማያነሣልንን እንጨምር። እስካሁን በተነጋገርንባቸው ጥናቶች ውስጥ ስኬት ማለት ጉልበቱ አልላላም፣ ድጋሚ አልተቀደደም፣ ተጫዋቹ ወደ ሜዳ ተመለሰ ነው። የሚሰግድ ሰው ጉልበት ግን ሌላ ሥራም አለበት። በቀን ፈርዱ ብቻ 17 ረከዓ ነው፤ ሱጁዱ 34 ይሆናል፤ በመካከሉ እግርን አጥፎ መቀመጥ አለ። ሱናው ሳይቆጠር። ከጉልበት ሎሚ በታች ያለው ጅማት ሲወሰድ ከሚያስከትለው የታወቀ ችግር አንዱ መንበርከክ ላይ የሚሰማ ሕመም ነው። በቅልጥም በኩል ከቆዳ ሥር ጎልቶ የሚቀር ስቴፕል ወይም ዋሸርም ሲንበረከኩ ይወጋል፤ አንዳንዴ ለዚህ ብቻ ተብሎ በሌላ ቀዶ ጥገና ይወጣል። በላቦራቶሪ ጠንካራ ተብሎ የተመሰገነ ማሰሪያ ምንጣፍ ላይ ሌላ ሆኖ ሊገኝ ይችላል።

ኩስ የሚባል በዓለም ላይ በሰፊው የሚሠራበት የጉልበት መጠይቅ አለ፤ እነዚህ የስካንዲኔቪያ መዝገቦችም ታካሚውን የሚጠይቁት በእሱ ነው። መንበርከክን ይጠይቃል፤ አልሐምዱሊላህ። የጠየቀው ግን ከሩጫና ከዝላይ ጋር "ስፖርትና መዝናኛ" በሚለው ክፍል ውስጥ ነው። ለጠያቂው መንበርከክ መዝናኛ ሊሆን ይችላል። ለእኛ በቀን አምስት ጊዜ ነው። የእሱ ነጥብ ከሩጫና ከዝላይ ነጥብ ጋር ተደምሮ አንድ ቁጥር ሲወጣ፣ ሮጦ የሚዘል ግን መንበርከክ ያቃተው ሰው ጥሩ ውጤት አግኝቶ ያልፋል።

ዲናችን ገር ነው፤ ያልቻለ ሰው ወንበር ላይ ተቀምጦ ይሰግዳል፣ ማንም በዚህ አይወቅሰውም። ይህ ግን ሐኪሙ አስቀድሞ እንዲያውቅ ከማድረግ አያግደንም። ቀዶ ጥገና የተቀጠረለት ወንድም ወይም እህት "በቀን ብዙ ጊዜ እንበረከካለሁ፤ ከየት ልትወስድልኝ ነው? በቅልጥም በኩልስ ምን ልታስርበት ነው?" ብሎ ቢጠይቅ፣ ምርጫ ባለበት ቦታ ምርጫው ሊቀየር ይችላል። ይህን ጥያቄ የሚጠላ ሐኪም ጥቂት ነው፤ ብዙው ስላልተነገረው ብቻ አያስበውም።

ወደ አገራችን እንመለስ። የሕክምና መሣሪያ በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 መሠረት በኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ቁጥጥር ሥር ነው። ዕቃው ሲመዘገብ ስለ ጥራቱ፣ ስለ ደኅንነቱና ስለ ፈዋሽነቱ የቀረበው ሰነድ ይታያል። ይህ በር ላይ የሚደረግ ፍተሻ ነው፤ አስፈላጊም ነው። ዕቃው ገብቶ በአንድ ወጣት ጉልበት ውስጥ ከታሰረ በኋላ ግን እንዴት እንደሆነ የሚከታተለው ማን ነው? ቀዶ ጥገናው በጥቂት ቦታ ነው የሚሠራው፤ አቅም ያለው ውጭ አገር ሄዶ ይሠራል፤ ዕቃውን ዘመድ ከውጭ ይዞለት የሚመጣም አለ። ታካሚው ከሁለት ዓመት በኋላ ሌላ ሐኪም ጋር ሲሄድ ጉልበቱ ውስጥ ምን እንዳለ ራሱም አያውቅም። "ብረት ነው" ይላል።

አንዳንድ ጓደኞቻችን "ዕቃው ራሱ በስንት መከራ በሚገኝበት አገር መዝገብ ቅንጦት ነው" ብለውናል። በዚህ አንስማማም። በሺዎች የሚቆጠር ቀዶ ጥገና ባለበት አገር መዝገብ ማቋቋም ከባድ ነው፤ ጥቂት ቦታ ብቻ በሚሠራበት አገር ግን አንድ ደብተር በቂ ነው። ዕቃው በማሸጊያው ላይ ስሙ፣ መጠኑና የምርት ቁጥሩ የተጻፈበት የሚላጥ ተለጣፊ ይዞ ይመጣል፤ እሱን ታካሚው ካርድ ላይና ደብተሩ ላይ መለጠፍ ደቂቃ አይፈጅም። ዛሬ አሥር፣ ነገ ሃያ እያለ ከአምስት ዓመት በኋላ የሚናገረው ነገር ይኖረዋል። "የትኛው ዕቃ ነው በእኛ ሰው አጥንት ላይ፣ በእኛ ፊዚዮቴራፒ እጥረት ውስጥ የዘለቀው?" ለሚለው ጥያቄ ኖርዌይ አትመልስልንም።

ከሐኪሞች በኩል ሌላ ስጋት እንሰማለን፤ መዝገቡ ዕቃን ለመመዘን ተብሎ ተጀምሮ ሐኪምን ለመክሰሻ እንዳይውል። ስጋቱ እውነት አለው። ስለዚህ የሐኪሙ ስም በማይወጣበት፣ ታካሚው በፈቃዱ በሚገባበት፣ የክፍሉ የሥነ ምግባር ኮሚቴ ባጸደቀው መንገድ ብቻ መሠራት አለበት። የምንፈልገው የሰው ስም አይደለም። በታካሚው ላይ የገባው ዕቃ አማና ነው፤ ያስገባው አካልም፣ የሸጠውም፣ የመዘገበውም በየድርሻቸው ይጠየቁበታል።

የጀመዓችን የሕክምና፣ የባዮሜዲካልና የስታቲስቲክስ ተማሪዎች አንድ ገጽ ቅጽ አርቅቀናል። የሚጠይቀው የቀዶ ጥገናውን ወርና ዓመት፣ ጅማቱ ከየት እንደተወሰደ፣ በጭንና በቅልጥም በኩል ያለውን ማሰሪያ ከተቻለ ከተለጣፊው ፎቶ ጋር፣ ፊዚዮቴራፒ ስንት ሳምንት እንደተደረገና ጉልበቱ ከዚያ ወዲህ ከድቶ እንደሆነ ነው። መንበርከክ ለብቻው የራሱ መስመር አለው፦ "መሬት ላይ ተንበርክከው መስገድ ይችላሉ? ካልቻሉ የሚያምዎት የት ላይ ነው?" ስም አይጠይቅም። ለሁሉም ተማሪ ነው፤ ሙስሊም ያልሆኑ ጓደኞቻችሁም ጉልበታቸው ተሠርቶ ከሆነ ንገሯቸው፣ ለእነሱ የመስገዱ መስመር "መንበርከክ ይችላሉ?" ተብሎ ይነበባል። ረቂቁ ለፈቃድ የሚቀርበው በዚህ ሴሚስተር መጨረሻ ስለሆነ እስከዚያ የማንንም መረጃ አንሰበስብም። በዚህ ጊዜ ውስጥ የምንለምናችሁ ሁለት ነገር ነው። ተመራቂ ሆናችሁ የማሟያ ጽሑፍ ርዕስ ያጣችሁ ካላችሁ ይህን ውሰዱ፤ አማካሪ መምህር ለማፈላለግ እናግዛለን። ቀዶ ጥገና የተደረገላችሁ ደግሞ ካርዳችሁን ፈልጋችሁ ተለጣፊው መኖሩን እዩ፤ ከሌለ የተሠራችሁበት ቦታ ሄዳችሁ የዕቃውን ስምና ቁጥር በጽሑፍ ጠይቁ፤ ፋይላችሁ ሳይጠፋ ቶሎ ብትሄዱ ይሻላል።